ጥያቄና መልስ፦ ኳንታይዝ ሲደረግ ቺክቺካው ለምን ያነክሳል?

ጥያቄ (ከለገጣፎ)፦ በኩቤዝ (የሙዚቃ መሥሪያ ፕሮግራም) የሠርግ ሙዚቃ በመሣሪያ ብቻ እያቀናበርኩ ነው። ከበሮውን በኪቦርድ ስመታው ያምራል፤ ኳንታይዝ ሳደርገው (ፕሮግራሙ ምቶቹን ወደ ልክ ቦታ እንዲጎትት ሳዘው) ግን ያነክሳል። ቴምፖው 100 ነው። ምን ላድርግ?

መልስ፦ እጅዎ ደህና ነው፤ ጥፋቱ የግሪዱ (ምቶቹ የሚጎተቱባቸው መስመሮች) ነው። አዲስ ፕሮጀክት ሲከፈት በ4/4 ነው፤ ግሪዱ 1/16 ላይ ከሆነ እያንዳንዱ ምት ለ4 ይከፈላል። ቺክቺካ ደግሞ ምቱን ለ3 ይከፍላል። አንድ ምት 480 ቲክ (ፕሮግራሙ ጊዜ የሚለካበት ትንሽ ክፍል) ነው እንበል። እርስዎ የመቱት 160 እና 320 ላይ ነው፤ የ1/16 መስመሮች ያሉት ግን 120፣ 240 እና 360 ላይ ነው። ስለዚህ ፕሮግራሙ 160ን ወደ 120፣ 320ን ወደ 360 ይጎትታል። የሚያነክሰው ይኸው ነው።

መጀመሪያ ኳንታይዙን ይመልሱት። ከዚያ ግሪዱን 1/8 ትሪፕሌት (ምቱን ለ3 የሚከፍለው) አድርገው እንደገና ይሞክሩ፤ የኳንታይዙ ጉልበት ግን ከ75 በመቶ አይለፍ። 100 በመቶ የተጎተተ ከበሮ ልክ ይሆናል እንጂ አያስጨፍርም።

ለሚቀጥለው ሥራ ገና ሲጀምሩ 6/8 ይምረጡ፤ ቴምፖውንም 150 ያድርጉት። ሚዲ (ኪቦርዱና ፕሮግራሙ የሚግባቡበት ቋንቋ) የሚቆጥረው ኳርተር ኖት ነው፤ የእርስዎ ምት ደግሞ ሦስት ኤይት ኖት፣ ማለትም አንድ ኳርተር ተኩል ነው። 100 በ1.5 ሲባዛ 150 ይመጣል። ይህን የዘነጋ ሰው ዘፈኑ ለምን እንደተንቀራፈፈ ግራ ይገባዋል።

ለመነሻ ከስድስቱ ኤይት ኖቶች ወፍራሙን የከበሮ ድምፅ 1 እና 4 ላይ፣ ቀጭኑን 3 እና 6 ላይ ያስቀምጡ። ቬሎሲቲው (የአመታቱ ጥንካሬ) ለወፍራሙ 110 አካባቢ፣ ለቀጭኑ ከ60 እስከ 75 ይሁን፤ ሁሉም እኩል ከሆነ ከበሮው ሳይሆን ቆርቆሮ የተመታ ይመስላል። ጭብጨባውን ከአንድ ሳምፕል (የተቀረጸ ድምፅ) አይሥሩት። ሦስት የተለያዩ ወስደው እርስ በርስ ከ10 እስከ 25 ሚሊሰከንድ ያዛንፏቸው።

ጥያቄ (ከሰበታ)፦ በአንቺ ሆዬ ቅኝት የማሲንቆ ዜማ በሲንተሳይዘር ሠራሁ። ኪቦርድ ኪቦርድ ይላል፤ ኮርድ ስጨምርበት ደግሞ ይብስበታል።

መልስ፦ ማሲንቆ አንድ ክር ነው ያለው፤ ስለዚህ ድምፁን ሞኖ (በአንድ ጊዜ አንድ ኖታ ብቻ) ላይ ያድርጉት። ሌጋቶውን (ኖታዎቹን ሳያቋርጥ የሚያያይዘውን) ይክፈቱና የአንዱን ኖታ ጫፍ በሚቀጥለው ላይ በ15 ቲክ ያህል ያሳልፉ፤ ካልተደራረቡ በእያንዳንዱ ኖታ ላይ ቀስቱ እንደ አዲስ የተነሣ ይመስላል። የቀስቱን ግፊት በቬሎሲቲ አያገኙትም። ረጅም ኖታ ላይ ኮንትሮለር 11ን (የድምፁን ጉልበት የሚቆጣጠረውን) ከ40 ወደ 100 እያሳደጉ ይሳሉት።

ለመንሸራተቻው ፒች ቤንድ (ኖታውን ከፍና ዝቅ የሚያደርገውን) ይጠቀሙ። እሴቱ ከ0 እስከ 16383 ነው፤ መሐሉ 8192። የሲንተሳይዘሩ ክልል 2 ግማሽ ድምፅ መሆኑን ያረጋግጡ፤ 12 ላይ ከተተወ ትንሽ መስመር ዜማውን ወደ ሰማይ ይሰቅለዋል። ተንሸራቶ ሲያበቃ ወደ 8192 ካልመለሱት የሚቀጥለው ኖታ ሁሉ ቅኝቱን ይስታል። ፒች ቤንድ መላ ቻናሉን ስለሚያንቀሳቅስ ክራሩ በሌላ ቻናል ይሁን።

ወደ ኮርዱ እንምጣ። አንቺ ሆዬ ከሲ ሲነሣ ሲ፣ ዲ ፍላት፣ ኤፍ፣ ጂ ፍላት እና ኤ ነው (በሚዲ ቁጥር 60፣ 61፣ 65፣ 66፣ 69)። ሥሩ ሲ ነው ብለው ሲ ሜጀር ከያዙ ኢ እና ጂ ይገባሉ፤ ሁለቱም ቅኝቱ ውስጥ የሉም። የሚከፋው እሱ ነው። ኤፍ ሜጀር (ኤፍ፣ ኤ፣ ሲ) ሙሉ በሙሉ ቅኝቱ ውስጥ ስላለ አይጣላም። እኛን ከጠየቁን ግን ኮርዱን ትተው ቤዙ ሲን ይዞ ቢቆይ ይሻላል።

በኋላ እውነተኛ ማሲንቆ ከተቀረጸበት ተጫዋቹን ወደ ኪቦርዱ ቅኝት አያስጠጉ፤ ኪቦርዱን ወደ እሱ ያምጡ። በ2 ግማሽ ድምፅ ክልል የግማሽ ድምፅ አንድ መቶኛ ወደ 41 የፒች ቤንድ ነጥብ ነው። 20 መቶኛ ዝቅ ለማለት 7373 ላይ ያስቀምጡት።

ጥያቄ (ከሱሉልታ)፦ ኮምፒውተሬ ይንጫጫል፤ መብራት ሲጠፋ ደግሞ ሥራዬ ይጠፋል።

መልስ፦ ሲቀርጹ በፈሩን (ኮምፒውተሩ ድምፁን በአንድ ጊዜ የሚያስተናግድበትን መጠን) 128፣ ሲያሚክሱ 1024 ያድርጉት። በ44100 ኸርዝ የመጀመሪያው ወደ 3፣ ሁለተኛው ወደ 23 ሚሊሰከንድ መዘግየት ያመጣል። ያለቁ ትራኮችን ፍሪዝ ያድርጉ (ኮምፒውተሩን እንዳያደክሙ ወደ ተቀረጸ ድምፅ ይቀይሯቸው)። አውቶሴቭ በየ5 ደቂቃው ይሁን። ዴስክቶፕ ከሆነ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚያቆይ) ያስፈልግዎታል፤ ስታቢላይዘር ብቻውን መብራት ሲሄድ አያድንም። ፍላሽ ላይ ቅጂ ያኑሩ እንጂ ፕሮጀክቱን ከፍላሽ ላይ ከፍተው አይሥሩ።