ስለ ቪትዙ ፍሬን፦ ሰርቮ ከመግዛትህ በፊት የእጅ ፍሬኑን ሳብ አድርገህ ሞክር

ወንድሜ፣ እንደጻፍከው የኋላውን የፍሬን ሸራ ካስቀየርክ ወዲህ ፔዳሉ በመጀመሪያው እርግጫ ወለሉን ሊነካ ይደርሳል፣ ስትደግመው ከፍ ይላል፣ ከሱሉልታ ወደ አዲሱ ገበያ ስትወርድ ደግሞ ይብስበታል። ጋራዡ «ሰርቮው ሞቷል፣ ከነፖምፓው ይቀየር» ብሎሃል። ሰርቮ የእግርህን ኃይል የሚያግዘው ክፍል ነው፣ ፖምፓ ደግሞ ስትረግጥ የፍሬን ዘይቱን የሚገፋው ሲሊንደር። እንዳትቀይር። ሰርቮ ሲሞት ፔዳሉ እንደ ድንጋይ ይጠነክራል እንጂ አይወርድም። ይህን ሳይለዩ ዕቃ የሚያዝዙት በደንበኛው ኪስ ነው የሚማሩት።

1. መጀመሪያ ምንም ብር የማያስወጣውን ሞክር። ሜዳ ላይ አቁመህ ለጎማው ታኮ አድርግ። የእጅ ፍሬኑን ጠበቅ አድርገህ ሳብና የእግሩን ርገጥ። ፔዳሉ ወዲያው ከፍ ብሎ ከጠነከረ፣ ሸራው ከታምቡሩ (ከጎማው ጋር ከሚዞረው ከበሮ) ርቋል ማለት ነው። የእጅ ፍሬኑ ሸራውን ወደ ታምቡሩ ስላስጠጋው ነው ልዩነቱ የመጣው።

የአንተ ችግር ይሄ ይመስለኛል፣ ምክንያቱም የጀመረው ከሸራው ቅያሬ በኋላ ነው። በሁለቱ ሸራዎች መካከል ኮከብ የመሰለች ጥርሳም ማስተካከያ አለች። የግራዋና የቀኟ የብሎን ጥርስ በተቃራኒ አቅጣጫ ነው የሚዞረው። ሁለቱን ታምቡር አንዴ ፈትቶ ዕቃውን አንድ ጨርቅ ላይ የሚዘረግፍ መካኒክ ያቀያይራቸዋል። ያኔ ማስተካከያዋ በተንቀሳቀሰች ቁጥር በመርዘም ፋንታ ታጥራለች፣ ፔዳሉም በየሳምንቱ ይወርዳል። ስለዚህ ጎኖቹን በየተራ አስፈታ፣ አንዱ ሲፈታ ሌላው ሳይነካ ለማመሳከሪያ ይቆይ። በትክክለኛው ጎኗ ከገባች በኋላ፣ ታምቡሩ ተገጥሞ ጎማው በእጅ ሲዞር በስሱ የመፋተግ ድምፅ እስኪሰማ ድረስ ትርዘም። በዚህ ጊዜ የእጅ ፍሬኑ ሽቦ የላላ መሆን አለበት። ሽቦውን አጥብቆ ፔዳሉን ከፍ ያደረገልህ ሰው ችግሩን ሸፈነልህ እንጂ አልፈታውም። ሽቦው ከተወጠረ ማስተካከያዋ ራሷን ማስተካከል ታቆማለች።

2. የእጅ ፍሬኑ ተስቦም ፔዳሉ እንደ ስፖንጅ ከላላ የፍሬን መስመሩ ውስጥ አየር ገብቷል፣ ይተንፍስ (አየሩ ይውጣ)። ብዙ ፖምፓ የሚሞተው ግን እዚሁ ላይ ነው። ረዳቱ «ርገጥ!» ሲባል እስከ ወለሉ ይረግጣል። ፖምፓው ውስጥ ያለው ጎሚኒ (የላስቲክ ማሸጊያ) ለዓመታት የሚመላለሰው በአጭር ቦታ ላይ ነው። ከዚያ ወዲያ ያለው የሲሊንደሩ ክፍል ቆሻሻና ዝገት ይዟል። አንዴ እስከ ጫፍ ሲገፋ ጎሚኒው እዚያ ላይ ይቧጠጣል። ጠዋት ደህና የነበረው ፖምፓ ከሰዓት በኋላ «ድሮም ሞቶ ነበር» ይባላል። መድኃኒቱ ከ4 እስከ 5 ሳንቲሜትር ውፍረት ያለው እንጨት ከፔዳሉ ሥር ማስገባት ነው። በማስተንፈሻው ብሎን ላይ የሚታይ ቱቦ ሰክተህ ጫፉን የፍሬን ዘይት ባለበት ጠርሙስ ውስጥ ንከረው። አረፋው እስኪጠፋ ቀጥል፣ በመካከሉ የላይኛው የፍሬን ዘይት ጋን እንዳይደርቅ። የወጣውን መልሶ የሚጨምር ካየህ ቁልፍህን ተቀብለህ ውጣ።

የፍሬን ዘይት ስሙ ነው እንጂ ዘይት አይደለም። የሞተር ዘይት ትንሽም ብትገባ ጎሚኒውን ሁሉ ታሳብጣለች። የጋኑን ክዳን ክፈትና ላስቲኩን እይ፣ ካበጠ የሆነ ሰው ተሳስቶ ጨምሯል።

3. ፖምፓው በእርግጥ መሞቱን ለማወቅ፣ ሞተሩ እየሠራ ፔዳሉን በመጠነኛ ኃይል ለ1 ደቂቃ ያዘው። ቀስ እያለ ከሰመጠ ወይ የሚያንጠባጥብ ቦታ አለ ወይ ፖምፓው በውስጡ ያሳልፋል። አራቱንም ጎማ ከውስጥ በኩል እይ፣ የታምቡሩን ሲሊንደር አቧራ መከላከያ ገለጥ አድርገህ እርጥበት ፈልግ። ሁሉም ደረቅ ሆኖ ፔዳሉ ከሰመጠ ጥፋቱ የፖምፓው ነው። ጋኑ እየጎደለ መሬት ላይ ጠብታ ከሌለ ደግሞ ፖምፓው ከሰርቮው ጋር የሚገጥምበትን ቦታ አስፈታ፣ ወደ ሰርቮው ውስጥ ሊፈስ ይችላል። መሪው ከቀኝ ወደ ግራ የተዛወረ መኪና ከሆነ እዚያ አካባቢ በእጅ የተጠመዘዙትን ቱቦዎችም ፈትሽ፣ ከብረት ጋር እየተፋተጉ ይበሳሉ።

4. ሰርቮውን መፈተሽ 1 ደቂቃ አይፈጅም። ሞተሩን አጥፍተህ ፔዳሉ እስኪጠነክር 5 ጊዜ ያህል ርገጥ፣ እንደረገጥክ አስነሳ። በትንሹ ዝቅ ካለ ሰርቮው ይሠራል። ዝቅ ካላለ ከሞተሩ የሚመጣውን የአየር ቱቦና ቫልቩን አስቀድመህ እይ፣ ከሰርቮ በብዙ ይረክሳሉ። በጌጅ ለክተው «ቫክዩሙ (ሰርቮውን የሚያሠራው የሞተሩ የአየር ስበት) ደካማ ነው» ካሉህ ደግሞ የት እንዳለን አስታውሳቸው። መጽሐፉ ላይ ያለው ከ18 እስከ 21 ኢንች ሜርኩሪ ለባሕር ጠለል ነው። በየ300 ሜትሩ 1 ኢንች ገደማ ይቀንሳል። እኛ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆንን ከ10 እስከ 13 ቢያነብ ጤነኛ ነው።

5. ቁልቁለቱ ላይ መባሱ ሁለተኛ ችግር እንዳለ ይጠቁማል። ወርደህ ስትጨርስ ፔዳሉ ላልቶ፣ ግማሽ ሰዓት ካረፈ በኋላ ከተመለሰ፣ ዘይቱ ውኃ ስቦ እየፈላ ነው። ዶት 3 የተባለው የፍሬን ዘይት አዲስ ሲሆን ከ205 ዲግሪ በታች አይፈላም፣ ውኃ ሲጠጣ ግን ወደ 140 ይወርዳል። ዶት 4 ከ230 ወደ 155። በየ2 ዓመቱ ሙሉ በሙሉ ይቀየር፣ ለቪትዝ 1 ሊትር ይበቃል። የታሸገ ግዛ፣ ተከፍቶ የከረመ ከአየሩ እርጥበት ጠጥቷል። ፔዳሉ ጠንክሮ መኪናው እንቢ ካለና የተቃጠለ ከሸተተ ግን ዘይቱ ሳይሆን ሸራው ነው የጋለው። በሁለቱም ቢሆን ቁልቁለቱን በዝቅተኛ ማርሽ ውረድ፣ ፍሬኑን ይዞ መንሸራተት ይቅር።

የአንዱ ጎማ ቸርኬ ከሌሎቹ ለይቶ ከጋለ እሱ ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። በክሪክ አንስተህ አዙረው። ከያዘ የማስተንፈሻውን ብሎን ፍታ። ያኔ ከለቀቀ የጎማ ቱቦው በውስጡ አብጦ መመለሻ ከልክሏል፣ ካልለቀቀ ካሊፐሩ (ሸራውን የሚጨብጠው ክፍል) ወይም የሚንሸራተትባቸው ፒኖቹ ተጣብቀዋል። ፒኖቹን ተራ ግራሶ አትቀባ፣ የሲሊኮን ብቻ።

ታምቡሮቹ በየተራ ሲፈቱ የግራውንም የቀኙንም ማስተካከያ ፎቶ አንሥተህ እዚሁ ለጥፍ፣ መቀያየራቸውን አይቼ እነግርሃለሁ።