ስለ ዩ-505 የሚጠየቅ ካለ ዛሬ ይጠየቅ

ሰላም ቤተሰብ። ስለ ሁለተኛው የዓለም ጦርነቷ የጀርመን ሰርጓጅ መርከብ ዩ-505 ጠይቁ፣ የማውቀውን እመልሳለሁ። ዓመቶቹ በፈረንጆች ናቸው። አደራ፣ ፊልም ላይ ያያችሁትን ታሪክ ነው ብላችሁ አታምጡብኝ።

ታሪክ ወዳድ፦ ስንት መርከብ አሰመጠች?

መልስ፦ 8። ሁሉንም በ1942።

ዋናተኛው፦ ከዚያ በኋላ ምን ነካት ጋሼ?

መልስ፦ ኖቬምበር 1942 ትሪኒዳድ አካባቢ አንድ አውሮፕላን በጣም ዝቅ ብሎ ቦምብ ጣለባት። ፍንዳታው ራሱን አውሮፕላኑንም አወደመው። እሷ እንደምንም ያኔ በጀርመን ወደተያዘችው ፈረንሳይ፣ ሎሪያን ወደብ ገባች። እዚያ ደግሞ የፈረንሳይ ሠራተኞች ጥገናውን ሆን ብለው ያበላሹት ነበር። ብልሽት እያገኛት ደጋግማ ተመለሰች። ኦክቶበር 1943 ውሃ ውስጥ በሚፈነዳ ፀረ-ሰርጓጅ ቦምብ ስትደበደብ አዛዧ ፒተር ቼክ እዚያው ራሱን በሽጉጥ ገደለ። ምክትሉ መርቶ አወጣት።

ሙሉ ጨረቃ፦ ፈሪ ነው! ሰዎቹን ጥሎ?

ዋናተኛው፦ የ25 ዓመት ልጅ እኮ ነው። አንተ ብትሆን?

ሙሉ ጨረቃ፦ ምክትሉስ ሰው አይደለም? እንዴት ቻለው?

መልስ፦ ይብቃችሁ። የሰው ሞት ነው። ወደ ጥያቄው።

የባሕር ልጅ፦ ኤኒግማ፣ የጀርመኖች የሚስጥር መልእክት ማሽን፣ ኮዱ የተፈታው በሷ ነው አይደል?

መልስ፦ አይደለም! ፊልሙን ተዉት አልኩ። እንግሊዞች ከሌላ የጀርመን ሰርጓጅ፣ ከዩ-110፣ ማሽኑን የወሰዱት በ1941 ነው። በ1942 ደግሞ ሁለት መርከበኞቻቸው ከዩ-559 ሰነድ ሲያወጡ አብረው ሰምጠዋል።

ታሪክ ወዳድ፦ ታዲያ የሷ ነገር ለምን ይጋነናል?

መልስ፦ አልተጋነነም። ጁን 4 ቀን 1944 በምዕራብ አፍሪካ ባሕር ላይ በዳንኤል ጋለሪ የሚመራ የአሜሪካ ቡድን ደበደባት። ጀርመኖቹ ሰመጠች ብለው ዘለው ወጡ። ሞተሩ አልጠፋም፣ መሪው ተቆልፏል። ሰው አልባዋ መርከብ ባሕሩ ላይ ክብ እየሠራች ትዞራለች። አልበርት ዴቪድ ሁለት ሰው አስከትሎ ገባ። ፈንጂ ተጠምዶ ይሆናል፣ ውሃው እየሞላ ነው፣ ውስጥ ጠላት ይኑር አይኑር አያውቁም። የሚስጥር መጻሕፍቱን አወጡ። ከኋላቸው የገባ አንድ መርከበኛ ውሃ የሚያስገባውን ቀዳዳ ክዳኑን ፈልጎ ዘጋው። መርከቧን ያተረፈው ይሄ ነው። እኔን የሚገርመኝ ማሽኑ ሳይሆን እነዚህ ሰዎች ናቸው። ዴቪድ የአገሩን ትልቁን የጀግንነት ሜዳይ ተሸለመ። ግን ሳይቀበለው በ1945 ሞተ፤ ባለቤቱ ተቀበለችለት።

ሙሉ ጨረቃ፦ አዛዡ ጋለሪስ ተሸለመ?

መልስ፦ የባሕር ኃይሉ አለቃ አድሚራል ኪንግ እንዲያውም ሊከሰው አስቦ ነበር። ጀርመኖች መማረኳን ቢሰሙ ኮዳቸውን ይቀይሩ ነበር። ያውም አሜሪካና አጋሮቿ ፈረንሳይ ዳርቻ የሚያደርጉት የኖርማንዲ ወረራ ሁለት ቀን ሲቀረው! ስለዚህ ምስጢሩ ተጠበቀ። ምርኮኞቹ 58 ናቸው፤ አሜሪካ፣ ሉዊዚያና ውስጥ ከሌሎች ተለይተው ታሰሩ። ቀይ መስቀል እንኳ እንዲያገኛቸው አልተፈቀደም። ቤተሰቦቻቸው ሞተዋል ብለው አዘኑ።

የቺካጎ ልጅ፦ እዚህ ቺካጎ ያለችው እሷው ናት?

መልስ፦ አዎ፣ ከ1954 ጀምሮ። የሳይንስና ኢንዱስትሪ ሙዚየም።

አዲስ ገቢ፦ ስለ መርከቧ በደንብ ብታስረዳን?

መልስ፦ «በደንብ» ጥያቄ አይደለም ወንድሜ። ምኑን?

አዲስ ገቢ፦ ኤኒግማን ያስፈታችው እሷ ናት ሲባል ሰምቼ ነው።

መልስ፦ ከላይ መልሻለሁ። ዩ-110 እና ዩ-559 የሚለውን አንብብ።