ልጄ የአስማተኛ እኅትማማቾች ተረት ታነባለች፤ መጽሐፉን ላቃጥለው?

ጥያቄ፦ መምህር፣ ሰላም ለእርስዎ ይሁን። የ9 ዓመት ልጄ ትራስ ሥር አንድ የልጆች መጽሐፍ አገኘሁ። ስለ ሁለት ትንንሽ አስማተኛ እኅትማማቾች ነው። ታናሽየዋ ፈሪ ናት፤ ታላቋ ጫካ ውስጥ ስትጠፋ ግን በጨለማ ፍለጋ ትወጣለች። ልጄ እርሳሷን በብር ወረቀት ጠቅልላ «አስማት» ስትሠራበትም አየኋት። ደንግጬ መጽሐፉን ቁም ሳጥን ላይ ደበቅኩት። ላቃጥለው? ቤቱንስ ጸበል ልርጭበት?

መልስ፦ እኅቴ፣ ጸበሉን እርጪ፤ መልካም ነው። ወረቀት ፈርተሽ ግን አይሁን።

ጥንቆላ ኃጢአት መሆኑን ታውቂያለሽ፤ ዘዳግም 18ን አላነብልሽም። «ላቃጥለው?» ብለው የሚመጡ ወላጆች ሁሌ የሐዋርያት ሥራ 19ን ይጠቅሱልኛል። በኤፌሶን መጻሕፍት በሰው ሁሉ ፊት ተቃጠሉ፤ ዋጋቸው ሲታሰብ 50,000 ጥሬ ብር ሆነ። እውነት ነው። እስኪ ግን ቀስ ብለሽ አንብቢው። ያቃጠሉት እነማን ናቸው? አስማተኞቹ ራሳቸው። ምን አቃጠሉ? የራሳቸውን፤ የሚደግሙበትን፣ የሚተዳደሩበትን መጽሐፍ። የልጁን ተረት ይዞ እሳቱ ዳር የቆመ ወላጅ እዚያ የለም።

ይህን የምለው በምክንያት ነው። የልጁን መጽሐፍ የሚቀድ፣ ዕቃ ሲጠፋበት ግን ተደብቆ ጠንቋይ ቤት የሚሄድ ሰው ስንቴ አጋጥሞኛል። ጠዋት ጠዋት ስልኩ ላይ ኮከቡ ምን እንደሚል ያያል። «ባክህ ለጨዋታ ነው» ይለኛል። የኤፌሶን እሳት የሚፈልገው ያንን ነው።

ተረት መተት አይደለም። ኢዮአታም ገሪዛን ተራራ ላይ ቆሞ፣ ዛፎች ንጉሥ ሊቀቡ ወጡ ብሎ አወራ (መሳ. 9)። ወይራው እምቢ አለ፣ በለሱ እምቢ አለ፣ ወይኑም እምቢ፤ እሾሁ እሺ አለ። ዛፍ አይናገርም፤ መልእክቱ ግን ግልጽ ነው። ቅዱስ ባስልዮስም ወጣቶችን ስለ አረማውያን ጽሑፎች ሲመክር ንብን ምሳሌ አድርጓል። ንብ ሁሉም አበባ ላይ አታርፍም፤ ካረፈችበትም የሚጠቅማትን ወስዳ ሌላውን ትተዋለች። የ9 ዓመት ልጅ ይህን ብቻዋን አትችለውም። ስለዚህ አብረሻት አንብቢ።

መጠንቀቅ ያለብሽ አንድ ቦታ ነው። በእንዲህ ያለ ተረት የአስማቱን ቃል ያወቀ ኃይሉ የእሱ ነው። ሲሞን መሠርይም እንዲህ መስሎት የመንፈስ ቅዱስን ስጦታ ሊገዛ ገንዘብ ይዞ መጣ (ሐዋ. 8)። ጸሎትን ራሱ እንዲህ የምንይዝ አለን፤ ይህን ያህል ጊዜ ከደገምኩት የግድ ይሆናል እንላለን። ለልጅሽ ንገሪያት፤ እኛ እንለምናለን እንጂ አናዝዝም። «መንፈስ እንጥራ» የሚል ጨዋታ ከመጣ ደግሞ ያ ተረት አይደለም። እምቢ በይ፣ ምክንያቱንም አስረጃት።

ድፍረቱን ግን አትንጠቂያት። ልጅሽ የወደደችው እርሳሱን ይመስልሻል? እኔ አይመስለኝም። ለእኅቷ ብላ ጨለማ የገባችውን ልጅ ነው የወደደችው። እንዲህ ያለች እኅት በመጽሐፋችንም አለች። ንጉሡ ወንድ ሕፃናት ወንዝ ይጣሉ ብሏል። ሙሴ በሣጥን ተደርጎ ቄጠማ ውስጥ ተቀምጧል። እኅቱ ራቅ ብላ ቆማለች። የፈርዖን ልጅ ሣጥኑን ስትከፍት ሕፃኑ ያለቅሳል። ልጅቷ መሸሽ ትችል ነበር። ቀርባ «የምታጠባ ሞግዚት ልጥራልሽ?» አለች። ሂጂ ስትባል ጠርታ ያመጣችው የገዛ እናቱን ነው! በእጇ በትር የለም፤ ያላት አንድ ጥያቄ ብቻ ነው።

ዛሬ ማታ መጽሐፉን ከቁም ሳጥኑ ላይ አውርጂና መልሺላት። የቀራትን ምዕራፍ አብራችሁ ጨርሱ። ከዚያ ዘጸአት 2ን አንብቢላትና ሣጥኑ ሲከፈት ላይ ቆም በይ። «አንቺ ብትሆኚ ምን ትያት ነበር?» ብለሽ ጠይቂያት።