ኻላ፣ ሐላ ወይስ ኀላ?

ጥያቄ፦ የምኖረው እስራኤል ነው። ልጄ ዓርብ ዓርብ ከመዋዕለ ሕፃናት የተጎነጎነች ትንሽ ዳቦ ይዛ ትመጣለች። «ኻላ» ነው ትለኛለች። ቃሉ ጥምዝ ማለት ነው? በአማርኛስ ሙልሙል ብላት ያስኬዳል?

መልስ፦ ሙልሙሉን ይተዉት። ሙልሙል የቡሄ ነው፣ ሆያ ሆዬ ለሚሉ ልጆች የሚሰጥ። ሰንበት ገበታ ላይ ቡሄን ምን አመጣው?

ቃሉም ጥምዝ ማለት አይደለም። በዘኍልቍ 15፥20 ከሊጡ ተቆንጥሮ ለእግዚአብሔር የሚነሣው ድርሻ ነው። ሚሽና፣ የጥንቱ የአይሁድ ሕግ ስብስብ፣ መጠኑን ሳይቀር ቆርጦታል፤ ለቤቱ የሚጋግር ከ24 አንድ፣ ለገበያ የሚጋግር ከ48 አንድ ለካህኑ ይሰጣል። ዛሬ ቁንጣሪዋ ትቃጠላለች፣ ስሟ ግን ለዳቦው ተርፏል። ጉንጉኑ የመጣው በ15ኛው መቶ ዘመን ገደማ፣ ከጀርመንና ከኦስትሪያ አይሁዶች ነው። ጎንደር የነበሩት የቤተ እስራኤል እናቶች ለሰንበት የሚጋግሩትን ዳቦ ቄሱ ሲባርኩት ምንም ጉንጉን አልነበረውም።

አሁን ወደሚያንገበግበኝ ልምጣ፤ ወደ ፊደሉ። «የዕብራይስጡ ፊደል ሔት ስለሆነ በሐመሩ ሐ ይጻፍ» የሚሉ አሉ። ችኮላ ነው። ዕብራይስጥ ሐን እና ኀን በአንድ ሔት ጨፍልቋቸዋል። ግዕዝና ዐረብኛ ግን ለይተው ይዘዋል። ብዙዎች ቃሉን ከሔት-ላሜድ-ላሜድ (ላሜድ የዕብራይስጡ ለ ነው)፣ «መብሳት» ከሚለው ሥር ያወጡታል። የዚህ ሥር የዐረብኛ አቻ «ኀለ» ነው (ለ ይጠብቃል)፣ በብዙኃኑ ኀ። በሐመሩ ሐ የሚጻፈውማ «ሐላል» የወጣበት ሌላው ሥር ነው፤ ዕብራይስጥ ላይ ሲጻፉ መንታ ይመስላሉ እንጂ አይዛመዱም። ስለዚህ በሥሩ ከሄድን ኀላ ነው።

ልጅዎ የምትለው ግን ኻላ ነው። ዛሬ እስራኤል ውስጥ ብዙው ሰው ሔትን እንደ ኸ ነው የሚጠራው፣ የኛም ሰው እንደሰማው ይጽፋል። ኸ ከ«ከ» የተወለደች ናት፣ ለዚህ ቃል ዘመዱም አይደለች። እሺ፣ ይጻፉት፤ ጆሮ ካሸነፈ ምን ይደረጋል። እኔ በማስታወሻ ደብተሬ ኀላ እያልኩ እቀጥላለሁ።

የአማርኛ ስም ካስፈለገ «ጉንጉን ዳቦ» ይበሉት። ጥምዝ አይሆንም፤ የታጠበ ጨርቅም ለብቻው ይጠመዘዛል፣ ለመጎንጎን ግን አጣማጅ ያስፈልጋል። አንዲት ጎረቤቴ «ሹሩባ ዳቦ» ትለዋለች። ጉንጉን የአበባም አለ፣ ሹሩባ ግን ያው ፀጉር ነው። ዳቦ እየቆረስኩ ፀጉር ማሰብ አልፈልግም። ልጅዎ ሹሩባ ካለችው ግን አልከራከራትም።