ጎራዴዬ ዘይት እየቀባሁት ለምን ዛገ?

ጥያቄ፦ ሰላም አዘጋጆች፣ የካርቦን ስቲል ጎራዴ አለኝ፣ እንዳይዝግብኝ ብዬ ከኩሽና የወይራ ዘይት እየቀባሁ ከነቆዳ አፎቱ ነው የማስቀምጠው። አሁን ሳወጣው ብረቱ ላይ ቢጫ የሚያጣብቅ ነገር ይዟል፣ እጀታው አጠገብ ደግሞ ቡናማ ነጠብጣብ ወጥቶበታል። ዘይቱ አንሶት ነው?

መልስ፦ አይ ወንድሜ አላነሰውም፣ ዘይቱ ራሱ ነው የማይሆነው። የምግብ ዘይት አየር ሲያገኘው ቀስ እያለ ይበላሻል፣ ይወፍራል፣ አቧራ ይይዛል፣ የተልባ ዘይትማ ጭራሽ እንደ ቫርኒሽ ነው የሚደርቀው። አንተ ማዕድናዊ ዘይት ነው የሚያስፈልግህ፣ ፋርማሲ ሊኩዊድ ፓራፊን ተብሎ የሚሸጠው ወይ የስፌት መኪና ዘይት በቂ ነው። ጃፓኖች ካታና ለሚሉት ጎራዴያቸው የሚቀቡት ቾጂ የሚባለው ዘይት እንኳን ዛሬ በብዛት የሚሸጠው ማዕድናዊ ዘይት ውስጥ ትንሽ የቅርንፉድ ዘይት ተጨምሮበት ነው፣ ስለዚህ በስሙ ብቻ ብዙ ብር አታውጣ። ደብልዩ ዲ 40 የሚባለው የሚረጭ ቅባት ውሃ ለማባረር ጎበዝ ነው ግን የሚተወው ሽፋን በጣም ስስ ስለሆነ ለረጅም ጊዜ አትመካበት።

ነጠብጣቡን ጠጋ ብለህ በደንብ እየው፣ የጣትህ መስመር ሁሉ ሊታይህ ይችላል፣ ምክንያቱም እጀታው አጠገብ ስናወጣና ስንከት ሳናውቀው የምንነካው ቦታ ነው፣ ላባችን ውስጥ ያለው ጨው ደግሞ ብረት ይበላል። ከነካኸው እዛው ጥረገው፣ ነገ አትበል።

አቀባቡ ላይ፣ መጀመሪያ አሮጌውን ቅባት አልኮል በነካው ጨርቅ ሙልጭ አድርገህ አንሳው፣ ቆሻሻ ላይ መቀባት ዋጋ የለውም። ጨርቁን በጎራዴው ጀርባ፣ ስለት በሌለው በኩል ይዘህ ከእጀታው ወደ ጫፉ ብቻ ሳብ፣ ጣትህ ወደ ስለቱ እንዳይዞር። ከዛ ጥጥ ጨርቅ ላይ ሁለት ሶስት ጠብታ አድርገህ ቀባው፣ በደረቅ ጨርቅ ደግሞ መልሰህ ጥረገው። ብረቱ ትንሽ ወዛ ካለ በቃ፣ ጠብታ ከቋጠረ ወይ ከወረደ በዝቷል።

የቆዳ አፎቱን ለብቻው አስቀምጥ፣ ቆዳ እርጥበት ይይዛል፣ የተለፋበት ኬሚካልም ብረቱን ይጎዳል። በየሁለት ወሩ አውጥተህ እየው፣ አየሩ እርጥብ ከሆነ ቶሎ ቶሎ።

ዝገቱን በተመለከተ ጎራዴው አዲስ ከሆነ በጣም ደቃቁን ባለ አራት ዜሮ የብረት ሱፍ ዘይት አስነክተህ በቀስታ እሸው። የድሮ ከሆነ ግን እባክህ በብርጭቆ ወረቀት እንዳትነካው፣ አንዴ የተፋቀ አይመለስም፣ ዘይት ብቻ ቀብተህ ለባለሙያ አሳየው።