ሲሞቅ የማይነሳው አርኤክስ-8፦ ሞተር ከመግዛትዎ በፊት

ጥያቄው የመጣው ከአቡ ዳቢ ነው። ጠያቂው 118,000 ኪሎ ሜትር የሄደ፣ እ.ኤ.አ. በ2005 የተሠራ ማዝዳ አርኤክስ-8 አላቸው። ጠዋት ወዲያው ይነሳል፤ ቀትር ላይ ማደያ ገብተው ሲያጠፉት ግን ሞተሪኖው እየዞረም አይነሳም፣ ግማሽ ሰዓት ቆይቶ ሲቀዘቅዝ ይነሳል። አንድ ጋራዥ «ሞተር ይቀየር» ብሏቸዋል፤ ሌላው ባትሪ ቢቀይርላቸውም ለውጥ አላዩም። «ምርቱ ከቆመ መኪና ጋር ልታገል ወይስ ልሽጠው?» ይላሉ።

ውድ ጠያቂ፣ የገለጹት ምልክት የዚህ ሞተር የታወቀ ሕመም ነው፤ ይሁን እንጂ ኮምፕሬሽን (ሞተሩ አየሩን አምቆ የሚፈጥረው ግፊት) ሳይለካ ሞተር ይቀየር ማለት ግምት እንጂ ምርመራ አይደለም። የአርኤክስ-8 ሞተር ሮታሪ የሚባለው ዓይነት ነው፤ ፒስተን የለውም፤ በፒስተኑ ፈንታ ሦስት ማዕዘን ያላቸው ሁለት ሮተሮች ይዞራሉ፣ በእያንዳንዱ ማዕዘን ጫፍ ላይም መካኒኮች አፔክስ ሲል የሚሉት ቀጭን ማሸጊያ አለ። ይህ ማሸጊያና ሮተሩ የሚዞርበት ቤት ግድግዳ ሲበሉ ኮምፕሬሽኑ ይቀንሳል። ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ ወፍራሙ ዘይት ክፍተቱን ይሸፍንለታል፤ ሲግል ዘይቱ ይቀጥናል፣ ሞተሪኖውም በሙቀት ይዳከማል፣ ሁለቱ ሲደመሩ መኪናው እምቢ ይላል።

ስለዚህ ኮምፕሬሽኑ የሚለካው ሞተሩ ግሎ፣ ባትሪው ሙሉ ሆኖ፣ ነዳጅና እሳት ተቋርጦ፣ የነዳጅ ፔዳሉ እስከ ወለሉ ተረግጦ ነው። ለፒስተን ሞተር የተሠራው ተራ መለኪያ ከሦስቱ የሮተር ፊቶች (ጎኖች) ትልቁን ቁጥር ብቻ ይዞ ስለሚቀር ያታልላል፤ ለሮታሪ የተሠራውን ይጠይቁ፣ የሁለቱን ሮተሮች ስድስቱንም ቁጥሮች በወረቀት ይቀበሉ። መሣሪያው ከሌለ ለጊዜው ጆሮም ይረዳል፦ ከአንዱ ሮተር አንድ ካንዴላ አውጥተው ሞተሪኖውን ሲያስዞሩ እኩል የሆነ «ፉፍ፣ ፉፍ፣ ፉፍ» መሰማት አለበት፤ ከሦስቱ አንዱ ወይም ሁለቱ ደካማ ከሆኑ ችግሩ ሞተሩ ውስጥ ነው።

በደቂቃ 250 ዙር ላይ የጤናማ ሞተር ንባብ 8.5 ኪሎ በካሬ ሴንቲ ሜትር አካባቢ ሲሆን፣ ዝቅተኛው ወሰን 6.9 ነው፤ በአንድ ሮተር ፊቶች መካከል ያለው ልዩነት ከ1.5፣ በሁለቱ ሮተሮች መካከል ያለውም ከ1 መብለጥ የለበትም። (ይህ ለባሕር ዳርቻ ከተማ ነው፤ ከ2,300 ሜትር በላይ ባለችው አዲስ አበባ ቢለካ ቁጥሩ በአየሩ መሳሳት ብቻ ይወርዳል።) በአንድ ሮተር ላይ ሁለት ጎረቤት ፊቶች ብቻ ከወደቁ በመካከላቸው ያለውን አፔክስ ሲል እጠረጥራለሁ፤ ሦስቱም አብረው ከወረዱ ግን አጠቃላይ እርጅና ነው።

ቁጥሮቹ ከወሰኑ በላይ ከሆኑ ሞተሩን አይንኩት። አራቱን ኮይሎች (ለካንዴላ እሳት የሚሰጡትን) እና አራቱን ካንዴላዎች ይቀይሩ፣ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ሥሪቶች ላይ የነበረው ሞተሪኖ ደካማ ስለሆነ በኋላ በወጣው ጠንካራ ዓይነት ይተኩት። ደካማ ኮይል ያላቃጠለው ቤንዚን ካታሊቲኩ (የጭስ ማጣሪያው) ውስጥ ገብቶ ስለሚነድ ካታሊቲኩ ታፍኖ እንደሆነም ይታይ።

ቁጥሮቹ ከወሰኑ በታች ከሆኑ ሞተሩን ፈታትቶ ማየት ግድ ነው፤ እዚህ ላይ የምርቱ መቆም ትርጉም ይኖረዋል። አርኤክስ-8 በአውሮፓ ገበያ እ.ኤ.አ. በ2010 ቀርቶ፣ በጃፓንም በጁን 2012 ስፒሪት አር በተባለው የመጨረሻ ሥሪት አብቅቷል። ማዝዳ እ.ኤ.አ. በ2023 ሮታሪን ኤምኤክስ-30 በተባለው መኪናው ቢመልሰውም፣ ያኛው ባለ አንድ ሮተር፣ 830 ሲሲ የሆነና ኤሌክትሪክ ለማመንጨት ብቻ የሚዞር በመሆኑ ለእርስዎ ሞተር መለዋወጫ አይሆንም። ስለዚህ አሮጌውን ሞተር «በቅያሪ» ለማንም አይስጡ፤ የሮተሩ ቤት የውስጥ ክሮም ካልተላጠ ውድ ዕቃዎ እሱ ነው። ያገለገለ ሞተር ሊሸጥልዎ የሚመጣ ሰውም ስድስቱን ቁጥሮች ካላሳየ ገንዘብ አይክፈሉት፤ እኔ ራሴ በአንድ ወቅት «ከጃፓን ገና የገባ» የተባለልኝን ሞተር ሳላስለካ ገዝቼ፣ ከገጠምኩት በኋላ ከወጣው የባሰ ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

ልሽጠው ወይ ላሉት፣ ልኬቱን ሳይዙ አይሽጡ፤ «ሲሞቅ አይነሳም» የተባለ መኪና ሞተሩ እንደ ሞተ ተቆጥሮ ነው ዋጋ የሚሰጠው፣ ችግሩ ግን ሞተሪኖ ብቻ ሊሆን ይችላል። እስከዚያው በየሁለት ሙሌቱ ዘይት ይመልከቱ፤ ይህ ሞተር ማሸጊያውን ለማለስለስ ሲል ዘይት አብሮ እንዲያቃጥል ሆኖ የተሠራ ነው። ማደያ ላይ እምቢ ካለዎትም ፔዳሉን እስከ ወለሉ ረግጠው፣ ከአሥር ሰከንድ ሳያልፉ ያስዞሩ፤ እንዲህ ሲያደርጉ ቤንዚኑ ስለሚቋረጥ የራሰው ካንዴላ ይደርቃል።