መልስ፦ የአዳማ ሙቀት ከፀሐይ ነው ወይስ ከመሬት ውስጥ?

ከፀሐይ ነው። «አዳማ ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ስለሆነች ከሥር ነው የምትሞቀው፣ የሶደሬ ፍል ውሃም ማስረጃ ነው» ላልከው፣ ቁጥሮቹን ጎን ለጎን አድርገህ እያቸው።

ከከባቢ አየር በላይ፣ ፊቱን ወደ ፀሐይ ያዞረ 1 ካሬ ሜትር 1,361 ዋት ገደማ ይቀበላል። ምድር ግን ክብ ናት፣ ግማሿም ሁልጊዜ ሌሊት ነው። ስለዚህ ለ4 አካፍለው፤ 340 ይሆናል። ደመናና አየር የሚመልሱትና የሚያስቀሩት ሲቀነስ መሬቱ ራሱ የሚውጠው በአማካይ 160 ዋት አካባቢ ነው።

ከምድር ውስጥ የሚወጣውስ? በካሬ ሜትር በአማካይ 0.09 ዋት ገደማ! ለስምጥ ሸለቆ ብለህ አሥር እጥፍ ብታደርገው እንኳ 1 ዋት አይሞላም።

አዳማ ከአዲስ አበባ የምትሞቀው በዋናነት ዝቅ ያለ ቦታ ላይ ስላለች ነው። የከፍታ ልዩነታቸው ከ600 ሜትር በላይ ነው። ወደ ላይ ስትወጣ ደግሞ በየ1,000 ሜትሩ አየሩ በ6.5 ዲግሪ ገደማ ይቀዘቅዛል።

ሶደሬ ላይ ያየኸው ሙቀት ግን እውነትም ከውስጥ የመጣ ነው። ውሃ በስንጥቅ ወርዶ፣ ሞቆ ይመለሳል። ሰፊ ቦታ ላይ ተበትኖ የነበረውን ሙቀት ሰብስቦ በአንዲት ጠባብ ቦታ ያወጣዋል። ለገላ መታጠቢያ ግሩም ነው፤ የከተማን አየር ለማሞቅ ግን አይበቃም።

አንድ ነገር ተጠንቀቅ። ተማሪዎች ሳስጠና ደጋግሜ የማየው ስህተት አለ፦ ሚሊዋትን እንደ ዋት መውሰድ። የከርሰ ምድር ሙቀት መጻሕፍት ላይ የሚሰጠው በሚሊዋት ነው። 90 የሚል ካየህ መጀመሪያ ለ1,000 አካፍል፣ ከዚያ ከፀሐዩ ጋር አወዳድር።